የኮምፒውተር አልጀብራ ሥርዓት በሒሳብ ትምህርት

የኮምፒውተር አልጀብራ ሥርዓት ከቁጥር በተጨማሪ ፊደሎችንና ምልክቶችን በሒሳብ ሕግ መሠረት የሚያሰላ ሶፍትዌር ነው። እኩልዮሽ ይፈታል፣ ፖሊኖሚያልን ወደ ፋክተሮቹ ይከፋፍላል፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል ያወጣል፣ ግራፍም ይስላል። ሜፕል፣ ማቴማቲካ፣ ማክሲማ፣ ሴጅማዝ እና ሲምፓይ ከሚታወቁት መካከል ናቸው፤ ጂኦጀብራም በውስጡ እንዲህ ያለ ክፍል አለው። እነዚህ ሶፍትዌሮች ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚነሣው ዋና ጥያቄ «ስሌቱን ማሽኑ ከሠራው ተማሪው ምን ይማራል?» የሚል ነው።

ከካልኩሌተር በምን ይለያል

ተራ ካልኩሌተር መልሱን በአስርዮሽ ቁጥር አስጠግቶ ይሰጣል። የ8 ዳግም ዘር ሲጠየቅ 2.828427 ይላል፤ የአልጀብራ ሥርዓት ግን 2√2 ብሎ ትክክለኛውን መልስ ያስቀምጣል። 1/3 + 1/7 ሲደመርም 0.476190 ሳይሆን 10/21 ይሰጣል።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ግን ፊደል ሲገባ ነው። «ሀ² − 5ሀ + 6 = 0» ሲባል ሀ 2 ወይም 3 መሆኑን ይመልሳል። «ሀ² + መ·ሀ + 9 = 0» ቢባልም አይቆምም፤ የ«ሀ»ን ዋጋ በ«መ» ይገልጻል። ተማሪው በመልሱ ውስጥ ከዳግም ዘር ምልክት ሥር ያለውን «መ² − 36» አይቶ፣ እኩልዮሹ አንድ መልስ ብቻ የሚኖረው መ 6 ወይም −6 ሲሆን እንደሆነ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

አጭር ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ ሥርዓቶች የተሠሩት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለተመራማሪዎች ነበር። ከእነዚህ አንዱ በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ማክሳይማ ነው፤ ዛሬ በነፃ የሚገኘው ማክሲማ የእርሱ ዝርያ ነው። የሜፕል ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ ማቴማቲካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ አልጀብራ የሚሠራውን ቲአይ-92 የተባለ የእጅ ካልኩሌተር ለገበያ ሲያቀርብ ነገሩ ወደ ተማሪው ጠረጴዛ ደረሰ። ጂኦጀብራ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንዋርተር ለትምህርት ታስቦ ተሠራ፤ የአልጀብራ ስሌቱን የሚሠራለት ጂያክ የተባለው ፕሮግራም በፈረንሳይ ግሮኖብል የተዘጋጀ ነው።

በእጅ ወይስ በማሽን

ኦስትሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ብሩኖ ቡክበርገር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ «ተማሪዎች የኢንቴግራል ሕጎችን መማር አለባቸው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ፣ የነጭ ሣጥንና የጥቁር ሣጥን መርሕ የሚባለውን መልስ ሰጠ። በመርሑ መሠረት አንድ ርዕስ አዲስ በሆነበት ጊዜ ተማሪው እያንዳንዱን እርምጃ በእጁ መሥራት አለበት፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ነጭ ነው፣ ውስጡ ይታያል። ርዕሱ ከተጠና በኋላ ግን ያንኑ ስሌት ለማሽኑ ትቶ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ይችላል። ለምሳሌ ፋክተር ማድረግን ገና የሚማር የ9ኛ ክፍል ተማሪ በእጁ ይሠራል፤ ሊሚት የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን ፋክተር ማድረጉን ለማሽኑ ቢተው የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው።

ሌሎች መምህራን ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል። ተማሪው መጀመሪያ በማሽኑ ብዙ ምሳሌ አይቶ ሕጉን እንዲገምት፣ ቀጥሎም ግምቱን እንዲያረጋግጥ ያደርጋሉ። የሚከተለው ለዚህ ምቹ ምሳሌ ነው፦

ሀ² − 1 = (ሀ − 1)(ሀ + 1)
ሀ³ − 1 = (ሀ − 1)(ሀ² + ሀ + 1)
ሀ⁴ − 1 = (ሀ − 1)(ሀ + 1)(ሀ² + 1)

በሁሉም ፋክተሮች ውስጥ ያሉት ኮኤፊሸንቶች 1፣ 0 ወይም −1 ብቻ ናቸው። አርቢው 10፣ 50 ወይም 100 ቢሆንም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ አርቢው 105 ሲደርስ −2 ብቅ ይላል። በእጅ እዚህ ድረስ የሚሞክር ተማሪ አይኖርም፤ በማሽን ግን የሰከንዶች ሥራ ነው። ትምህርቱም ግልጽ ነው፦ መቶ ምሳሌ መስማማቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቴክኖሎጂ በስፋት የገባላቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ግድም በተጀመረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» በሚባለው የሳተላይት ትምህርት ነው። ሒሳብ በፕላዝማ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ነበር። ዋናው ቅሬታ ስርጭቱ ፈጣን መሆኑና ተማሪው ባይገባው እንኳ ሊያስቆመው አለመቻሉ ነበር። የአልጀብራ ሥርዓት በዚህ ረገድ ተቃራኒ ነው፤ ተማሪው እስኪጠይቀው ዝም ይላል፣ ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢደግምም ይመልሳል። ችግሩ የሚጀምረው ተማሪው የሚጠይቀውን ካላወቀ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ማክሲማ፣ ሴጅማዝ እና ሲምፓይ ነፃ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ጂኦጀብራም ለተማሪና ለመምህር ያለ ክፍያ ይገኛል። አንዴ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ የጂኦጀብራ መተግበሪያ በስልክም ይሠራል። ትእዛዞቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ቢሆኑም፣ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ሶልቭ» እና «ፋክተር» የሚሉት ቃላት ለተማሪው ከመማሪያ መጽሐፉ የታወቁ ናቸው።

በሌላ በኩል ወደ ብሔራዊ ፈተና አዳራሽ ስልክ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሶፍትዌሩን የቤት ሥራ መገልበጫ ያደረገ ተማሪ ጉዳቱን የሚያየው ፈተና ላይ ነው፤ በእጁ የሠራውን ለማረም የተጠቀመበት ግን ስህተቱን ከፈተናው በፊት ያገኘዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

አጻጻፍ፦ «1/2ሀ» ተብሎ ሲጻፍ አብዛኞቹ ሥርዓቶች የሀ ግማሽ አድርገው ይረዱታል። 1ን ለ2ሀ ማካፈል የፈለገ ሰው ቅንፍ ተጠቅሞ «1/(2ሀ)» ማለት አለበት።

የተደበቀ ቅድመ ሁኔታ፦ (ሀ² − 4)/(ሀ − 2) ሲቃለል ብዙ ሥርዓቶች «ሀ + 2» ብለው ያልፋሉ። ዋናው ክፍልፋይ ግን ሀ 2 ሲሆን ትርጉም የለውም። ይህን የሚያስታውሰው ተማሪው ነው።

ትርጉም፦ ሥርዓቱ ዴሪቬቲቭን ያወጣል፤ ምንነቱን ግን አያስረዳም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በእግሩ የወጣ ተማሪ ዳገቱ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ያውቃል፤ ዴሪቬቲቭም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው የግራፉ ዳገት ነው። ይህን ያልጨበጠ ተማሪ መልሱ ስህተት ቢሆንም አይለየውም።

በእነዚህ ምክንያቶች በሶፍትዌሩ የሚያስተምሩ መምህራን ብዙውን ጊዜ ተማሪው መልሱን አስቀድሞ እንዲገምት፣ ከማሽኑ ጋር እንዲያስተያይ፣ ሁለቱ ከተለያዩም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳ ያዛሉ።