የኅዳር በሽታና የኮሮና ዘመን፤ ቃል በምን መንገድ ተጓዘ፣ ምንስ ቀረ?

ወረርሽኝ በአገር ላይ ሲወርድ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚደርሰው ወሬ ነው። ሕዝብ መከራውን የሚቋቋመው በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን እርስ በርሱ በሚለዋወጠው ቃል ጭምር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ አዲስ አበባ ያየቻቸውን ሁለት ወረርሽኞች፣ ማለት በ1911 ዓ.ም. የደረሰውን የኅዳር በሽታና በ2012 ዓ.ም. የገባውን ኮሮና፣ ከዚህ አንጻር ለማመዛዘን እንሞክራለን። ጥያቄያችንም ሁለት ነው፤ ቃሉ በምን መንገድ ተጓዘ? ከወረርሽኙስ በኋላ ለታሪክ ምን ቀረ?

የኅዳር በሽታ የተባለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በአዲስ አበባ እጅግ የበረታው በኅዳር ስለ ሆነ ሕዝቡ በወሩ ስም ጠራው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በከተማይቱ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ይገልጻሉ፤ እሳቸውም ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳሉ በጽኑ ታመው ድነዋል።

በዚያ ዘመን በአገራችን ራዲዮ አልነበረም። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣም የተመሠረተው ዘግየት ብሎ በ1917 ዓ.ም. ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ የገባው ስልክ ቤተ መንግሥቱን ከአገረ ገዥዎች ጋር ያገናኝ ነበር እንጂ ለተራው ሰው የሚደርስ አልነበረም። ስለዚህ ቃል የሚሄደው በእግር ነበር፤ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በለቅሶ ቤት። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን፣ ወሬውን የሚያደርሰው እግር በሽታውንም የሚያደርስ መሆኑን ነው። ጎረቤቱን ሊያጽናና የሄደ ሰው ሕመሙን ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ቃልና ትንፋሽ በአንድ መንገድ ይሄዱ ነበርና።

ከዚያ መከራ ለትውልድ የተላለፈው ዋናው ማስታወሻ ልማድ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ የየሰፈሩ ሰው ጉድፉን ጠርጎና ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ይኸውም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ሕዝቡ የልማዱን ነገር ከበሽታው ጋር አያይዞ ይተርከዋል። በሽታ ከቆሻሻና ከክፉ ሽታ ይነሣል የሚለው አሳብ በዚያ ዘመን በብዙ አገር የነበረ ነው፤ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነውና። ዛሬ ጢሱ ቫይረሱን እንደማያጠፋ፣ እንዲያውም ሳምባው የታመመን ሰው እንደሚጎዳ እናውቃለን። ሆኖም ልማዱ አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በዓመት አንድ ቀን የዚያን ዘመን መከራ እንዲያስብ አድርጎታል።

አሁን ወደ 2012 ዓ.ም. እንለፍ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ሲሆን፣ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚህ ጊዜ ቃልና ትንፋሽ ተለያይተው መሄድ ቻሉ። የጤና ሚኒስቴር የተመረመረውንና የተያዘውን ሰው ቁጥር በየቀኑ በፌስቡክና በትዊተር ይገልጥ ነበር። ስልክ የደወለ ሰው ከጥሪው አስቀድሞ እጅን ስለ መታጠብ የሚመክር ቃል ይሰማ ነበር። ለቅሶ መሄድ ያልቻለው በስልክ አጽናና፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ መሄድ የቀረበት ምእመን ጸሎቱን በቴሌቪዥን ተከታተለ።

ነገር ግን ፍጥነት ለእውነቱም ለሐሰቱም እኩል አገልግሏል። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ፣ ፌጦና ዝንጅብል በሽታውን ይከላከላሉ የሚለው ምክር በቴሌግራም ከቤት ወደ ቤት ሲዛመት፣ በገበያ የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ወዲያው ናረ። ዳሩ ግን መልእክቱን የላከው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አሳቢ አልነበረም። እናቱን ሊያድን የፈለገ ልጅ፣ ወይም ለባልንጀራዋ ያዘነች ሴት ነበረች።

ደግሞም ቃሉ ለሁሉ እኩል አልደረሰም። በወለጋ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ የተቋረጠው ስልክና ኢንተርኔት የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን፣ ማለት የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተነገረ 18 ቀን በኋላ ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን በተገደለ ማግስት ደግሞ በአገሪቱ በሙሉ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። በ1911 ዓ.ም. ቃል የዘገየው መሣሪያ ስለ ታጣ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ግን መሣሪያው እያለ በሰው ትእዛዝ ዝም አለ። ይህ ልዩነት ለታሪክ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። የ1911 ዓ.ም. ቃል አዝጋሚና በከፊል የተሳሳተ ቢሆንም ጸንቶ ኖረ፤ የ2012 ዓ.ም. ቃል ግን ፈጣንና ብዙ ሲሆን በቀላሉ የሚጠፋ ነው። ስልኩ ሲለወጥ መልእክቱ አብሮ ይሄዳል፤ የሰፈር ማኅበር የቴሌግራም ቡድን ሲዘጋ መዝገቡም ይዘጋል። ለመታሰቢያውም እንደ ኅዳር 12 ያለ ቀን አልወጣለትም።

ምናልባት «የሎሚና የፌጦ ወሬ ተሰብስቦ ለምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። የኅዳር ጢስም ስሕተት ነበር፤ ሆኖም ስለዚያ ዘመን ሰው ፍርሃትና ተስፋ ዛሬም የሚመሰክርልን እርሱ ነው። ሐሰተኛው ወሬ ስለ በሽታው ባይነግረን፣ ወሬውን ስላመነው ሰው ይነግረናል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ተማሪዎች በየሰፈራቸው የዕድር ጸሐፊዎችን፣ ካህናትንና ሼኮችን፣ ወላጆቻቸውንም እየጠየቁ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ የዚያን ዓመት መልእክቶች ገልብጠው ቀኑን እየጻፉ እንዲያኖሩ እናሳስባለን። የ1911 ዓ.ም.ን መከራ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አልፈዋል። የ2012 ዓ.ም. ምስክሮች ግን ዛሬ በመካከላችን ናቸው።