ቀጤ ማዕዘኑ የት ነው?

ከዩኒቨርሲቲያችን በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ከወጣሁ ወዲህ ግማሹን የሥራ ዘመኔን ሳይት ላይ፣ የቀረውን በማስተማር አሳልፌያለሁ። በሁለቱም ቦታ ያልተለየኝ ነገር ቢኖር የፓይታጎረስ ቲዎረም ነው። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ በቀጤ ጎነ ሦስት ውስጥ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ፣ ረጅሙ ጎን በራሱ ሲባዛ ከሚሰጠው ጋር እኩል ናቸው። ከየት እንደመጣና ሰው ምን ሲሠራበት እንደኖረ ግን እምብዛም አናወራም። ለዚህ መጽሔት ይህን ብጽፍ ይሻላል ያልኩት ለዚያ ነው።

ፓይታጎረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረ ግሪካዊ ነው። በእጁ የጻፈው አንድም ነገር አልደረሰንም። ዕውቀቱ ግን ከእሱ በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቀድማል። ለንደን በሚገኘው የብሪትሽ ሙዚየም ከጥንታዊት ባቢሎን የተረፈ አንድ የሸክላ ጽላት አለ። ከያዛቸው ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ ርዝመቱ 30 የሆነ እንጨት ግድግዳ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አናቱ በ6 ወደ ታች ቢንሸራተት እግሩ ከግድግዳው ስንት ይርቃል? ቁመቱ 24 ይቀራል። 900 ሲቀነስ 576፣ 324 ይሆናል፤ መልሱም 18 ነው። መሰላል አስደግፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚገባው ጥያቄ ነው። ቁጥሮቹን ልብ ብላችሁ እዩልኝ፦ 18፣ 24፣ 30 ማለት 3፣ 4፣ 5 በ6 ሲባዙ ነው።

ቻይናዎች ደግሞ ነገሩን ከግድግዳ ወደ ዛፍ ወሰዱት። «ዘጠኙ ምዕራፎች» የተባለው ጥንታዊ የሂሳብ መጽሐፋቸው የመጨረሻውን ምዕራፍ ለዚሁ ለቀጤ ጎነ ሦስት ሰጥቶታል። እዚያ ውስጥ ቁመቱ 20 ቺ (ቺ የቻይና የርዝመት መለኪያ ነው)፣ ዙሪያው 3 ቺ የሆነ ዛፍ ይገኛል። አንድ ሐረግ ከሥሩ ተነስቶ ዛፉን 7 ጊዜ ዞሮ ጫፉ ላይ ይደርሳል። የሐረጉ ርዝመት ስንት ነው? ሲያዩት ጎነ ሦስት የሚባል ነገር የለበትም። ግን ግንዱን መሬት ላይ 7 ጊዜ አንከባልለነው ሐረጉ ምልክት እየተወ ሄደ እንበል። ግንዱ 21 ቺ ይጓዛል፤ የሐረጉ ምልክትም ቀጥ ያለ ሰያፍ መስመር ይሆናል። 20 እና 21 በየራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 841፤ ሐረጉ 29 ቺ ነው። ባለ ሦስት አቅጣጫ የነበረው ችግር ጠፍጣፋ ሆኖ ተፈታ ማለት ነው።

ግሪኮች የጨመሩት ማረጋገጫውን ነው። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በጻፈው «ኤለመንትስ» የመጀመሪያ መጽሐፍ በ47ኛው አንቀጽ ቲዎረሙን አረጋገጠ። በ48ኛው ደግሞ ገለበጠው፦ የጎኖቹ ሂሳብ ከገጠመ ማዕዘኑ ቀጤ ነው። የአገራችን ግንበኛ ሲባጎውን ወጥሮ «ስልሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ» ሲል የሚሠራው በዚህ በ48ኛው ነው። በአንዱ ክር ላይ 60 ሳንቲ፣ በሌላው 80 ይለካል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል 100 ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአንድ ሳይት 24 በ10 ሜትር የሆነ መሠረት በመሣሪያ ተቀይሶ ኮንክሪት ሊሞላ ሲል፣ ፎርማኑ «ጋሼ፣ ዲያጎናሉን ሳንለካ አይሞላም» ብለው አስቆሙ። ሁለቱም 26 ሜትር መሆን ነበረባቸው። አንዱ 25.95፣ ሌላው 26.05 መጣ። የአራቱ ጎኖች ርዝመት ትክክል ነበር፤ ቤቱ ግን በ10 ሜትሩ ጎን ከ5 ሳንቲ በላይ አዘንብሏል። ችካሉ ተነቅሎ እንደገና ተመታ። ያን ዕለት ኮንክሪቱ ቢፈስ ኖሮ ማዕዘኑን የሚመልሰው አልነበረም።

ለተማሪዎቼ ደግሞ ይህን እሰጣለሁ። የባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ውስጥ በግምት 5.90 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ስፋት፣ 2.39 ቁመት አለው። 6.5 ሜትር የሆነ ቀጭን ቱቦ ይገባል? ብዙዎቹ የወለሉን ሰያፍ አስልተው 6.35 ሲያገኙ «አይገባም» ይላሉ። ነገር ግን ያ የወለል ሰያፍ ራሱ ከኮንቴነሩ ቁመት ጋር ሌላ ቀጤ ጎነ ሦስት ይሠራል። ከታች ጥግ እስከ ተቃራኒው የላይ ጥግ 6.78 ሜትር ያህል ነው፤ ቱቦው ይገባል። ቲዎረሙን ሁለት ጊዜ መጠቀም ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ዛሬ ስኩዌር ሩቱን ስልክ ያወጣዋል። ጎነ ሦስቱን ፈልጎ ማየት ግን አሁንም የሰው ሥራ ነው፤ ፈተና ላይ ፎርሙላውን አሳምሮ የሚጽፍ ልጅ ሳይት ላይ ሲቸገር የማየው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በማስተማር ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ አንድ ሐሳብ አለኝ። ፎርሙላውን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት እንጨቱን፣ ሐረጉን፣ ኮንቴነሩን አሳይታችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቋቸው፦ ቀጤ ማዕዘኑ የት ነው?