የአዳም ዕዳና የቦሩ ሜዳ ጉባኤ

በ1870 ዓ.ም. የግንቦት ወር፣ ዛሬ የደሴ ከተማ ካለችበት በስተ ሰሜን በሚገኘው ቦሩ ሜዳ የተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ በታሪክ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚነሣው፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ልቼ በተባለ ቦታ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ከታረቁ በኋላ የአገሪቱን አንድነት በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት የወሰዱት ርምጃ ሆኖ ነው። አተራረኩ ስሕተት ባይኖርበትም ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም ሊቃውንቱ በዚያ ሜዳ የተከራከሩበት ጉዳይ ነገሥታቱ ከመወለዳቸው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጀመረና የሰው ልጅ በአዳም ያጣውን ክብርና ልጅነት በክርስቶስ በምን መንገድ መልሶ አገኘው የሚለውን፣ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ነገረ ድኅነት የሚባለውን ትምህርት ከሥሩ የሚነካ ነበር። ከጉባኤው የወጣው ዐዋጅ ደግሞ በክርክሩ ምንም ድርሻ ያልነበራቸውን፣ ከደሴ በስተ ደቡብ በቦርከና ሸለቆ እስከ ጨፋ ድረስ የሚኖሩትን የወሎ ሙስሊሞች ጭምር የሚመለከት ስለ ነበር፣ የጉባኤውን ታሪክ ከጨፋ አቅጣጫ መመልከት ከቤተ መንግሥት አቅጣጫ ሲታይ የሚሰወረውን ያሳያል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለ አዳም መዳን የምታስተምረው በረቂቅ ሐተታ ብቻ ሳይሆን በታሪክ መልክም ነው። በትውፊቱ መሠረት አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ዲያብሎስ መከራ አጸናባቸው፤ መከራውን እንደሚያቀልላቸው አታሎም የእርሱ ባሮች መሆናቸውን የሚመሰክር ደብዳቤ አጻፋቸውና አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሁለተኛውን በሲኦል አኖረው። እግዚአብሔር በበኩሉ አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ለአዳም ቃል ኪዳን ገባለት፤ አንዱ ቀን በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ሺህ ዓመት ይቆጠራልና ተስፋው 5500 ዓመት ሆነ። ክርስቶስ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ የመጀመሪያውን፣ በመስቀል ሞቶ በነፍሱ ወደ ሲኦል ሲወርድ ሁለተኛውን ደብዳቤ ደመሰሰ፤ ስለዚህ ጥምቀትና ትንሣኤ በዚህ ትምህርት የአንድ ነጻ መውጣት ሁለት ምዕራፎች ናቸው። ያ የተስፋ ዘመን ዓመተ ፍዳ፣ ከልደት በኋላ ያለውም ዓመተ ምሕረት ተብሎ ስለሚጠራ፣ በኢትዮጵያ «ዓ.ም.» ተብሎ የሚጻፍበት ማንኛውም ደብዳቤ፣ ውልም ሆነ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ ጸሐፊው ልብ ባይለውም ከቀኑ ጋር የዚህን ትምህርት ምልክት ይዞ ይሄዳል። በስቅለት ዕለትም ምእመናን ሲሰግዱ ከዋሉ በኋላ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ ቸብ እያደረገ ተጨማሪ የስግደት ቁጥር የሚሰጣቸው ሥርዓት፣ የተፈጸመውን ካሳ የሚያስቡት በትምህርት ብቻ ሳይሆን በጉልበታቸውም ጭምር መሆኑን ያሳያል።

በዚህ ትውፊት ውስጥ ሁለት ሐሳቦች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንደኛው ክርስቶስ ዲያብሎስን አስሮ አዳምን ነጻ ያወጣ ድል አድራጊ ነው የሚለው፣ ሁለተኛው የሰው በደል የሚጠይቀውን ካሳ በገዛ ደሙ ከፈለ የሚለው ነው። ሁለቱን ማጣመር ግን ለክርስትናው ዓለም ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረውና ፍሬምናጦስን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ፣ የእግዚአብሔር ቃል ሟች ሥጋን የለበሰው ሞትን በሞት ሽሮ በሰው ላይ የደበዘዘውን አምላካዊ መልክ ለማደስ ነው ብሎ ሲያስተምር፣ የናዚያንዙ ጎርጎርዮስ ደግሞ ቤዛው ለማን ተከፈለ የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ፣ ለዲያብሎስ ተከፈለ ማለት ነውር እንደሆነ፣ አብም በልጁ ደም የሚደሰት እንዳልሆነ ጽፏል። በምዕራቡ ዓለም የካንተርበሪው አንሴልም እ.ኤ.አ. በ1098 ባጠናቀቀው መጽሐፉ ዲያብሎስን ከሒሳቡ አውጥቶ፣ ኀጢአት ወሰን የሌለውን የእግዚአብሔርን ክብር የሚነካ በደል ስለሆነ ተመጣጣኝ ካሳ ሊያቀርብ የሚችለው አምላክም ሰውም የሆነ ብቻ ነው አለ። በዘመኑ የነበረው አቤላርድ ይህን ባለመቀበል፣ መስቀሉ የሰውን ልብ ወደ ፍቅር የሚመልስ የእግዚአብሔር ፍቅር መገለጫ ነው ሲል፣ የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ተሐድሶ መሪዎች ደግሞ የተነካውን ክብር በተጣሰ ሕግ ተክተው፣ ክርስቶስ በኀጢአተኛው ምትክ ቅጣቱን ተቀበለ ብለው አስተማሩ። ስዊድናዊው ጉስታፍ አውሌን እ.ኤ.አ. በ1931 በእንግሊዝኛ በታተመው ጥናቱ ጥንታዊው አስተሳሰብ የድል አድራጊነቱ ነው ብሎ ሲከራከር፣ ያ አስተሳሰብ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ፋሲካ የሚታወጅ ሕያው እምነት ነበር።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ልዩ መልክ የያዘው ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር በተደረገው ክርክር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነትን በይፋ ተቀብለው፣ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው እምነት በዐዋጅ ቢመለስም፣ በክርክሩ መካከል የተነሣው ጥያቄ፣ መለኮትና ሥጋ ፍጹም ከተዋሐዱ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለው የመጽሐፍ ቃል ምን ይጨምራል የሚለው፣ ሚሲዮናውያኑ ከአገር ከወጡ በኋላም በሊቃውንቱ መካከል ቀረ። የተዋሕዶ ወገን፣ ተቃዋሚዎቹ ካራ የሚሉት፣ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶው በራሱ ነው፤ ሌላ ክብር ሰጪ አያስፈልገውም አለ። በጎጃም የጸናው የቅባት ወገን ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ክብር ያገኘው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው ሲል፣ በደብረ ሊባኖስና በሸዋ የበረታው የጸጋ ወገን ደግሞ ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ያለ አባት በተወለዳቸው ሁለት ልደቶች ላይ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት ጨመረ፤ ሦስት ልደት መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

የጸጋ ወገን አሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ኑፋቄ ቢታለፍም በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ደጋፊዎቹ የሚጨነቁት አዳም ያጣውን ስለ ማስመለስ ነበር፤ አዳም ያጣው የባሕርይ አምላክነትን ሳይሆን በጸጋ የተሰጠውን ልጅነት ስለሆነ፣ ሁለተኛው አዳም ያንን ጸጋ በሰውነቱ ካልተቀበለው ለሰው ልጆች የሚተርፍ ርስት ከየት ይመጣል የሚል ነበር ክርክራቸው። ተዋሕዶዎች የመለሱትም ከዚሁ ከመዳን ጉዳይ ነው፤ ክርስቶስ እንደ ነቢያት ጸጋ ተቀባይ ከሆነ አዳኙ ራሱ ሌላ አዳኝ ያሻዋል፤ ሰው የዳነው መለኮት የራሱ ባደረገው ሥጋ እንጂ በከበረ ሰው አይደለም አሉ። የተዋሕዶ መልስ ከእስክንድርያ አባቶች ትምህርት ጋር የበለጠ የሚስማማ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የጸጋ ወገን ያነሣው ጭንቀት ግን በዚያ መልስ ተመዘነ እንጂ ከንቱ መሆኑ አልታየም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ሳሉ በ1846 ዓ.ም. አምባ ጫራ ላይ ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተባብረው የሦስት ልደትን ትምህርት ቢያወግዙም ነገሩ አልበረደም። ቦሩ ሜዳ ላይ፣ የአገሪቱ ጳጳስ አቡነ አትናቴዎስ አርፈው ሌላ ጳጳስ ባልነበራት ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በተቀመጡበት ጉባኤ ለተዋሕዶ ተፈረደ፤ እምነታቸውን አንለውጥም ካሉት የሸዋ ካህናት መካከልም ምላሳቸው የተቆረጠ እንደ ነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በጉባኤ የተረታን ሰው ምላስ መቁረጥ ለተረታው ብቻ ሳይሆን ለረታው ትምህርትም ውርደት ነበር።

ዐዋጁ ከተዋሕዶ ውጭ ላሉ ክርስቲያኖች ሁለት፣ ለሙስሊሞች ሦስት፣ በባህላዊ እምነት ለሚኖሩት አምስት ዓመት ሰጠ። ከወሎ ባላባቶች መሐመድ አሊ በዮሐንስ ክርስትና አባትነት ሚካኤል፣ ኢማም አመዴ ሊበን በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተብለው ተጠመቁ፤ ሕዝቡ ግን በአብዛኛው አልተከተላቸውም፤ በሸህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር የተመራውን ጨምሮ ለዓመታት የዘለቀ ዐመፅ ተነሣ። ለጨፋ ሰው የቀረበለት ጥያቄ በራሱ እምነት ውስጥ ቦታ የሌለው መሆኑ መታሰብ አለበት፤ በእስልምና ትምህርት አዳም ተሳሳተ፣ ተጸጸተ፣ አላህም ተውበቱን ተቀበለው፤ ለልጆቹ የተላለፈ ዕዳ ስለሌለ ዕዳውን የሚከፍል ቤዛ አያሻም፤ ማንም የሌላውን ኀጢአት አይሸከምም።

ሆኖም ካሳ የሚለው አሳብ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አልነበረም። በኦሮሞ ሥርዓት ሰው ሲገደል የደም ካሳ፣ ጉማ የሚባለው፣ የሚከፈለው በገዳዩ ብቻ ሳይሆን በጎሳው መዋጮ ነው፤ በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎችም በሁለቱ ወገን መካከል ገብተው በቀሉን ያስቆማሉ። የአንዱን በደል ብዙዎች ተካፍለው የሚከፍሉት ይህ ሥርዓት የሚመለከተው በሰውና በሰው መካከል ያለውን ደም እንጂ በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን ዕዳ አይደለም፤ አንሴልም ከዘመኑ መኳንንት የክብር ሕግ የወሰደውን ምሳሌ ወደ ሰማይ እንዳሻገረው፣ የቦሩ ሜዳ ዐዋጅ ይህን የምድር ሕግ ወደ ሰማዩ ትምህርት መሸጋገሪያ ለማድረግ አልሞከረም። በጭቅጭቅ የበለጸገው የሊቃውንት ትምህርት ወደ ቦርከና ሸለቆ የወረደው በስብከት ሳይሆን በትእዛዝ ነው፤ የዐዋጁ ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችውን የመካነ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ጨምሮ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የምትክነትን ትምህርት በሰፊው አስተማሩ፤ የኦርቶዶክስ መምህራንም ቅጣትን ከፍ አድርጎ ድልንና ተዋሕዶን የሚያሳንስ መስሎ ስለታያቸው ይከራከሩታል፤ ክርክሩም አሁን የሚካሄደው በመጽሐፍና በዐውደ ምሕረት ነው። ለክርስቲያኖች የተሰጠው ሁለት ዓመት፣ ለሙስሊሞች የተሰጠውም ሦስት ዓመት ካለፈ ብዙ ዘመን ተቆጥሯል፤ የቅባት ትምህርት በጎጃም ዛሬም ተከታዮች አሉት፤ የጨፋና የአጎራባቿ የከሚሴ ሕዝብም በአብዛኛው ሙስሊም ነው።