በሰው አንደበት የሚዘወተሩ አባባሎች ምንጫቸው ከየት ነው?



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! በቤታችንም ሆነ በመስጊዳችን ደጋግመን የምንሰማቸው አባባሎች አሉ። «ዕውቀትን ቻይና ድረስም ቢሆን ሄዳችሁ ፈልጉ»፣ «አገርን መውደድ ከኢማን ነው»፣ «ንጽሕና ከኢማን ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜም «ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳሉት» ብለን እንጀምራለን። ለመሆኑ ብለውታልን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ኸሊፋው ዑሥማን (ረ.ዐ) በ35ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተገደሉ በኋላ በሙስሊሞች መካከል ፊትና ተነሳ። ወገኑን ለመደገፍ ሲል በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም ንግግር የሚፈጥርም ብቅ አለ። ዑለማዎች ሐዲስ የሚናገረውን ሰው ሁሉ ከማን እንደሰማ ይጠይቁት ጀመር። ኢስናድ የምንለው የዘጋቢዎች ሰንሰለት በዚህ ምክንያት ተጠበቀ።

ያለ ክፋት የመጣ ስሕተትም አለ። የአንድ አዋቂ ምክር አምሮ ሲገኝ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ «ሐዲስ» ተብሎ ይቀራል። ስለዚህ ዑለማዎች በሕዝብ አንደበት የታወቁ አባባሎችን ለብቻቸው መረመሩ። በ902 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1497) የሞቱት የካይሮው ኢማም ሰኻዊ «አል-መቃሲዱል ሐሰና» በተባለው መጽሐፋቸው ከ1,000 በላይ አባባሎችን በፊደል ተራ አስቀምጠዋል። በ1162 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1749) ደማስቆ ላይ የሞቱት ዐጅሉኒ ደግሞ «ከሽፉል ኸፋእ» ውስጥ ቁጥሩን ከ3,000 በላይ አድርሰውታል።

ምርመራው ምን አሳየ? የቻይናውን አባባል ኢብኑል ጀውዚ ከመውዱዕ ማለትም ከተፈጠሩት ሐዲሶች መድበውታል። ዕውቀት መፈለግ በሙስሊም ሁሉ ላይ ግዴታ መሆኑን የሚናገረው ሐዲስ ግን በኢብኑ ማጃህ ተዘግቧል። «አገርን መውደድ ከኢማን ነው» የሚለውም ሐዲስ አይደለም፤ ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መካን ለቀው ሲወጡ ለከተማይቱ የገለጹት ፍቅር በቲርሚዚ ተዘግቦ ይገኛል። የንጽሕናው አባባልም በዚህ ቃሉ አልጸናም፤ በሙስሊም ሰሒሕ የምናገኘው ጠሃራ የኢማን ግማሽ መሆኑን የሚገልጸውን ነው።

ከሁሉም በላይ «ጀነት በእናቶች እግር ሥር ናት» የሚለው ትምህርት ይሰጠናል። በዚህ አነጋገር የመጣው ሰንሰለቱ ደካማ ነው። መሠረቱ ግን ነሳኢ የዘገቡት የጃሂማ ታሪክ ነው። ጃሂማ ለዘመቻ መውጣት ፈልጎ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሊያማክር መጣ። እናት እንዳለችው ጠየቁት። አለችኝ ሲል፣ ከእርሷ እንዳይለይ፣ ጀነት በእግሯ ሥር እንደሆነች ነገሩት። እንግዲህ ንግግሩ እናትን ለማወደስ ብቻ የተነገረ አይደለም። ታላቅ ሥራ ፍለጋ ሩቅ ለሚያይ ልጅ የተሰጠ ትዕዛዝ ነው። ምንጩን ስናውቅ አባባሉ በግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ጌጥነት ወጥቶ፣ እናታችንን ዛሬ ምን አደረግንላት ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል።

ውድ ወላጆች! በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሆን ብሎ የዋሸ ሰው መቀመጫው እሳት እንደሆነ በጸኑ ሐዲሶች ተነግሮናል። ስለዚህ ምንጩን ያላረጋገጥነውን መልካም ንግግር ለልጆቻችን ስንነግር «ይባላል» እንበል፤ «ነቢዩ አሉ» ለማለት ግን አዋቂ እንጠይቅ። ጥሩ ምክር የነቢዩን ስም ባይዝም ምክርነቱ አይቀርም፤ በስማቸው ያልተናገሩትን ማውራት ግን አማና ማጉደል ነው።

አላህ (ሱ.ወ) አንደበታችንን ከሐሰት ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።