ስለ ሲኒማ ታሪክና ስለ ሦስት የቆዩ ፊልሞች ያለን አስተያየት



የዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች ከ12ኛ ክፍል አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲቀርብ በጠየቁን ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ዐድዋ፣ አንዳንዶቹም ስለ ላሊበላ እንዲጻፍ አሳብ አቅርበው ነበር። ነገር ግን ስለ እነዚህ ከእኛ በፊት ያለፉት ተማሪዎች ደጋግመው ስለ ጻፉ፣ እኛ ዓመቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ ማታ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቅለን ስለ ተመለከትናቸው የቆዩ ፊልሞች ለመጻፍ ተስማማን። ፊልም ደግሞ ምን ታሪክ አለው የሚሉን እንደማይታጡ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ፊልም የሠሪውን አሳብ ብቻ ሳይሆን ሠሪው ሊናገር ያላሰበውን ጭምር ይዞ ይቀራልና፣ እንደ ማናቸውም የታሪክ ሰነድ ሊመረመር ይገባል እንላለን።

የሲኒማ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1898 መሆኑን የታሪክ ጸሐፊው ብርሃኑ አበበ ገልጸዋል። መሣሪያውን አንድ ፈረንሳዊ አምጥቶ ለኢጣልያው መልእክተኛ ለቺኮዲኮላ ሸጠው፤ እርሱም ለንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ አቀረበው። ዐድዋ ካለፈ ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል! ከብዙ ዓመት በኋላ በከተማው የሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ዛሬ በዚህ ስም የማይሥቅ ተማሪ የለም። እኛም ሥቀን ነበር።

በጠላት ዘመን ኢጣልያኖች ለራሳቸው መዝናኛ የሲኒማ ቤቶችን ሠሩ። ፒያሳ ላይ ኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያ የተባለው ያን ጊዜ ሲኒማ ኢታልያ ይባል ነበር። የብሔራዊ ትያትርም ሕንፃ መጀመሪያ የተወጠነው ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ ሲሆን፣ ሥራው ተፈጽሞ የተመረቀው ግን በ1948 ዓ.ም. ነው። (ማርኮኒ ያለ ሽቦ የሚሄደውን ቴሌግራፍ በመሥራቱ የታወቀው ሰው ነው። የሰፈራችን የነፋስ ስልክ ስምም ከዚያው ያለ ሽቦ ከሚሄደው ስልክ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።) በዚያ ዘመን የወጣው የዘር ሕግ ነጭና ጥቁር በአንድ አዳራሽ እንዲቀመጡ አይፈቅድም ነበር። እንግዲህ ስለ እኛ የተሠራውን ፊልም እኛ እንድናየው አልታሰበም ማለት ነው።

ከእነዚህም ፊልሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው «ሉቺያኖ ሴራ አብራሪው» ነው። ዲሬክተሩ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ ሲሆን፣ ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። ይህ ሰው ራሱ በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ላይ ቦምብ ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። የአባት ዋንጫ ለልጅ መድረሱ ነው፤ ከዚህ በላይ አስተያየት አያስፈልገውም።

ታሪኩ የሚናገረው ቤተ ሰቡን ጥሎ ወደ አሜሪካ ስለ ሄደ አንድ አብራሪ ነው። ኋላ በሌላ ስም ወደ ኢትዮጵያ ጦርነት ይዘምታል፤ በመጨረሻም የቈሰለውን ልጁን በአይሮፕላን ይዞ በረሮ ካዳነው በኋላ ራሱ ይሞታል። የእኛ ሰዎች የሚታዩት ባቡር ከብበው የሚተኵሱ ሰዎች ሆነው ነው። ለምን እንደሚተኵሱ የሚጠይቅ የለም። ከአይሮፕላን የወረደው የመርዝ ጋዝም በፊልሙ ውስጥ የለም።

ቅድመ አያቱ ማይጨው የዘመቱ አንድ ጓደኛችን ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ተነሥቶ «ይበቃል፣ አጥፉት» አለ። ድምፅ ሰጥተን በጥቂት ብልጫ እንዲቀጥል ተወሰነ፤ እርሱም በሩ አጠገብ ቆሞ ጨረሰው። አሁን የምንጽፈው የሚያሳፍረን ነገር ነው። የቈሰለው አባት አይሮፕላኑን ሲያስነሣ፣ ከመካከላችን ብዙዎች እንዳይወድቅ በልባችን ስንመኝ ራሳችንን አገኘነው። አነሣሡ ያማረ ነው፤ ዋናው ተዋናይ አሜዴዮ ናዛሪም ግሩም ነው። ያዕቆብ የዔሳውን ልብስ ለብሶ ዓይኑ የፈዘዘውን አባቱን እንዳታለለ፣ ይህም ፊልም የአባትን ፍቅር ለብሶ ወደ እኛ ቀረበ። ፊልሙ በደንብ ባይሠራ ኖሮ ይህን ያህል ባልጐዳን ነበር። መታየት አልነበረበትም ከሚሉት ጓደኞቻችን ጋር የማንስማማውም ስለዚህ ነው፤ ቢከለከል ኖሮ ልባችን በቀላሉ የሚታለል መሆኑን አናውቅም ነበር።

የፊልሙን ጽሑፍ በማዘጋጀት ከረዱት ሰዎች አንዱ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ የተባለ ወጣት ነበር። ይኸው ሰው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ «ሮማ ክፍት ከተማ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ጀርመኖች ሮማን ዘጠኝ ወር ያህል ይዘው ሳሉ የሆነውን የሚያሳይ ነው። አና ማኛኒ ሆና የምትጫወታት ሴት እጮኛዋን ጭኖ ከሚሄደው መኪና ኋላ ስትሮጥ በጥይት ተመትታ ትወድቃለች። በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ አልተሰማም። ፊልሙ የተነሣው በመንገድ ላይ፣ ከድኻና ከጦርነት ፍርስራሽ መካከል ነው፤ ሥዕሉም አንዳንድ ጊዜ የደበዘዘ ነው። ከሉቺያኖ ሴራ ጋር ቢወዳደር የድኻ ልብስ ነው። ነገር ግን ማንንም አያታልልም።

ከዚህ በኋላ ክርክር ተነሣ። ከፊሎቻችን፣ ሰው ከስሕተቱ ሲመለስ ማመስገን ይገባል አልን። ሌሎቹም፣ ሮሴሊኒ የወራሪን ክፋት ያወቀው የራሱ ከተማ ሲያዝ ነው፤ አዲስ አበባ አምስት ዓመት ስትያዝ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሕዝቧ ሲጨፈጨፍ የት ነበረ? አሉ። እኛ የምንለው ፊልሙ ታላቅ መሆኑን ነው። ሁለተኛውም ወገን ስለ ሰውዬው የተናገረው ውሸት የለበትም።

ወደ ራሳችን ፊልሞች እንምጣ። የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ገደማ በኢላላ ኢብሳ ድርሰትና በላምብሮስ ዮካሪስ ዲሬክተርነት ተሠራ። ብንፈልገው ልናገኘው አልቻልንም። የሚሼል ፓፓታኪስን «ጉማ»ንም እንዲሁ። ስማቸውን እየጠራን ፊታቸውን አለማየታችን ያሳዝነናል። ያገኘነው የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ጎንደር ተወልዶ በአሜሪካ የፊልም ትምህርት ይማር የነበረው ኃይሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአብዮቱ ዓመት ወደ አገሩ መጥቶ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ አነሣው፤ በ1976ም ለተመልካች ቀረበ። ጥቁርና ነጭ ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታደሰው በቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብት ነው። ቦሎኛ ኢጣልያ ውስጥ መሆንዋን በካርታ ስናይ ዝም አልን።

ፊልሙ ስለ አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብና ስለ ባለ መሬቱ ነው። ባለ መሬቱ ከፍታ ላይ በወንበር ተቀምጦ የሚያርሱትን ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያው ሰዓት ከመካከላችን እንቅልፍ የወሰደው ነበር። እርሻው አያልቅም፤ በሬዎቹ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ኋላ ግን ከበበ የተባለው እብድ፣ ከጠላት ጋር ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀው፣ በባለ መሬቱ ፊት ሲናገር ሁላችንም ነቃን፤ አጨበጨብንም። እረኛይቱ ልጅ የጌታውን ላም ለማዳን ጐርፍ ውስጥ ገብታ ስትሞት ግን፣ ይህስ ተመልካች ለማስለቀስ የተጋነነ ነው ብለን በማስታወሻችን ጻፍን።

የትምህርት ቤታችን ዘበኛ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ በልጅነታቸው በላፍቶ በኩል ከጭሰኛ አባታቸው ጋር ያረሱ ሰው ናቸው። ዛሬ ፎቅ ሆኗል። ያን ማታ ባትሪያቸውን እንደ ያዙ በሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዩ። ሰኞ ዕለት አስተያየታቸውን ጠየቅናቸው።

«ልጅቱ ውሸት አይደለችም» አሉን። «ላሚቱ ከጠፋች ቤት መግባት ከወንዙ ይልቅ ያስፈራል። እኔም በክረምት ትንሹ አቃቂ ውስጥ የበሬ ጅራት ይዤ ገብቻለሁ። በሬውም የኛ አልነበረም።»

ስለ እብዱስ ብንላቸው፣ «እርሱ ወሬ አበዛ። በዚያን ጊዜ በጌታ ፊት እንዲህ የሚናገር እስከ ማታ አይቆይም» አሉ። እብድ ስለ ሆነ እኮ ይፈቀድለታል ብለን ተከራከርናቸው።

«እብድም ቢሆን ልጆቼ፣ ዱላ ያውቃል።»

ስለዚህ ያጨበጨብንለት ክፍል ለእርሳቸው የማይታመን፣ የነቀፍነውም እውነተኛው ሆነ። እኛ ስለ ከበበ ያለንን አሳብ እስካሁን አልተውንም፤ ጭሰኛ ያልተናገረውን ስለ እርሱ የሚናገርለት ሰው ፊልሙ ያስፈልገው ነበር እንላለን። ስለ ልጅቱ የጻፍነውን ግን ሰረዝነው።

አባባ ሊሄዱ ሲሉ ተመልሰው፣ የእርሻውን ክፍል ብቻ እንደገና እናሳያቸው እንደ ሆነ ጠየቁን። በምሳ ሰዓት መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደን አሳየናቸው። ያን ያንቀላፋንበትን ክፍል ቆመው ተመለከቱት፤ ከዚያም በባትሪያቸው ወደ አንሶላው እያመለከቱ፣ ከጥማዱ የግራው በሬ ሰነፍ መሆኑንና ሸክሙን ሁሉ የቀኙ እንደሚጐትት አሳዩን።