የብራና እድፍና የሰብሳቢ ሚዛን

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ኮሚክስ የሚባሉትን የቆዩ የጀግኖች የሥዕል መጽሔቶች የሚሰበስቡ ሰዎች እያንዳንዱን ቅጂ እንደ ተማሪ ፈተና ያርሙታል። ነጥቡ ከ0.5 ይጀምርና 10 ላይ ያበቃል። የሽፋኑ ቀለም መድመቁ፣ የጀርባው አለመሰንጠቁ፣ የወረቀቱ ንጣት፣ ገጾቹን የያዘው ሽቦ አለመዛጉ አንድ በአንድ ይታያል። መጽሔቱን በልጅነቱ የገዛው አንባቢ ስሙን ከጻፈበት፣ ጥጉን ካጠፈው ወይም የተቀደደውን በፕላስተር ከለጠፈው ነጥቡ ይወርዳል። ከ2000 ወዲህ ይህን ሥራ የያዘ ድርጅት አለ፤ መዝኖ ሲጨርስ መጽሔቱን በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽገዋል፤ ከዚያ በኋላ ማሸጊያው ካልተሰበረ ማንም አይገልጠውም። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት በ1938 በ10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው መጽሔት አንድ ቅጂው 8.5 ነጥብ አግኝቶ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሚዛኑ በአገሩ ምክንያት አለው። መጽሔቶቹን ልጆች አንብበው ጣሏቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ብዙዎቹ ለወረቀት ተሰብስበው ተፈጩ፤ ስለዚህ ያልተነካው ብርቅ ሆነ። ይኸው ሚዛን በጎንደርና በሰሜን ደጋ ብራና ላይ ሲያርፍ ግን የሚነግረን ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ከዚያም አልፎ የጎንደር መጻሕፍት የተበተኑበት ታሪክ በከፊል የዚህ ሚዛን ታሪክ ነው ባይ ነኝ።

ሁለቱን ማነጻጸሬ ድፍረት የሚመስለው ይኖራል፤ ነገር ግን ዝምድናቸው ከሚገመተው በላይ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ የተሣሉትን ተአምረ ማርያምና የሰማዕታት ገድሎች ያየ ሰው ታሪኩ በክፍል በክፍል ተከፍሎ፣ አንዱ ሥዕል ሌላውን እየተከተለ፣ ከየሥዕሉ አጠገብ ማን ምን እንዳደረገ በአጭሩ ተጽፎ ያገኘዋል። ጀግኖቹም አይጠፉም፦ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ደራጎኑን ሲወጋ፣ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ዑልያኖስን ሲጥል፣ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው። የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ይህን ሥራ በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ደማቅና ጠፍጣፋ ቀለም አለው፤ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለመሰው ሁለተኛው ደግሞ ፊትን በጥላ ያለዝባል፣ ቅዱሳኑንም የቤተ መንግሥት ሐር ያለብሳቸዋል። እነዚህ መጻሕፍት ከኮሚክስ የሚለዩት በተሠሩበት ዓላማ ነው። በጧፍ ብርሃን ይነበባሉ፣ ሰም ይንጠባጠብባቸዋል፣ የጣት ወዝ የገጹን ጥግ ያጠቁረዋል፣ ሥዕሉን ይሳለሙታልና ቀለሙ ይሳሳል። የብራናው ሽንቁር በክር ይሰፋል፤ አንዳንዱም የተሰፋው ገና ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ሳያነሣ ነው፤ ፊደሉ ስፌቱን ዞሮ ሲያልፍ ይታያል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በአሜሪካው ሚዛን ገና ሲወለድ ነጥብ አጥቷል ማለት ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን በኋላ የተጨመረው ጽሑፍ ነው። የኮሚክስ መዛኝ በሽፋን ላይ የተጫረ ስም ጉድለት ነው ይላል። በጎንደር አድባራት ግን ወንጌሉ ወይም ሌላው ትልቅ መጽሐፍ የደብሩ መዝገብም ነበር። በባዶው ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ርስት የሸጠና የገዛ፣ ጉልት የተሰጠው፣ ምስክር ሆኖ የቆመ ሰው ስም ይሰፍራል፤ ውሉን ለሚያፈርስም ግዝት ይከተላል። ውሉ እዚያ የሚጻፍበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍን ለመፋቅ የሚደፍር ጥቂት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ በ2000 ባሳተመው የኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ መንግሥት የመሬት ታሪክ ውስጥ የጎንደርን ዘመን የመሬት ሽያጭና ውርስ በስፋት ሊተርክ የቻለው እነዚህን የኅዳግ ጽሑፎች ስላነበበ ነው። ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት ይዘው ሲሸጡና ሲያወርሱ የምናየውም በዋናነት እዚያ ነው፤ ዜና መዋዕሉ የነገሥታቱን ዘመቻ እንጂ የእነሱን ጉዳይ አይነግረንም። በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባበትም ቦታ ብዙ ነው። መዛኙ ፍቀት ብሎ የሚያልፈው ይህ ቦታ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ እንዳለፈ የሚመሰክረው ብቸኛ ማስረጃ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ እንምጣ። በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከ230 በላይ ብራና ይዞ የተመለሰው አንትዋን ዳባዲ በዋናነት የሚፈልጉት ቃሉን ነበር። ብሩስ መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ ሲወስድ ያስደሰተው የብራናው መልክ አይደለም፤ ዳባዲም ኦሪጅናሉ ካልተገኘ አስገልብጦ ይወስድ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ የአድባራቱን መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስጋዙ፤ ሐሳባቸው ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ግምጃ ቤት መሥራት ነበር። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ምርጫው ተጀመረ። ከአንድ ሺህ ገደማ መጻሕፍት ውስጥ 600 ያህሉ በመንገድ ላይ ለጨለቆት ካህናት ተሰጡ፤ ወደ 350 የሚጠጉት ለሊቃውንት ጥናት ተብለው ወደ ለንደን ተጓዙ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ምርኮው ደላንታ ላይ በተሸጠበት ጨረታ ዋና ገዢ ነበር። ያ ክፍፍል ራሱ ምዘና ነው። የመዛኙ ዓይን ባረፈበት መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የሰፈረው የጎንደር ሰዎች ውልም አብሮ ባሕር ተሻገረ።

የ1932ቱ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ላይ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስተን ሉዊ ሩ የገለበጣቸውን አዳዲስ ሥዕሎች ሰቀለ፤ ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። መከራከሪያው ሥዕሎቹ እየተበላሹ ነው የሚል ነበር። እዚህ ላይ ጉዳትን መመዘን ለመውሰድ ፈቃድ ሆነ። ጣሪያውን መጠገን ሥዕሉን ከመንቀል ይቀል እንደነበር ማንም ያውቃል።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ዝናብ፣ አይጥና እሳት ለኅዳግ ጽሑፍ አይራሩም፤ በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ስንቱ አብሮ ነደደ። ለንደን የገባው ግን ዛሬም ይነበባል፤ ዊልያም ራይት በ1877 ባሳተመው ካታሎግ ውስጥ የባለቤቶቹን ስም ሳይቀር መዝግቧል። ይህ እውነት ነው፤ ራይትም ምስጋና ይገባዋል። እኔ የምለው ጉዳት አይመርመር ሳይሆን ጉዳት ወደ አንድ ቁጥር አይጠቅለል ነው። የጥበቃ ባለሙያ ስፌቱ የት እንደላላ፣ ቀለሙ የት እንደተነሣ ይጽፋል፤ ነጥብ ሰጪው ግን ይህን ሁሉ ደምሮ ስፌቱንና ፍቀቱን ከአይጥ ጥርስ ጋር አንድ ያደርጋል። ካህናቱስ ራሳቸው ያረጀውን ጥለው አዲሱን አይመርጡም ወይ የሚልም አለ። ይመርጣሉ፤ የተጎዳው ይገለበጣል፣ ቁራጩም ለሌላ መጽሐፍ ጥራዝ መደገፊያ ይሆናል። የእነሱ መመዘኛ ግን መጽሐፉ ለአገልግሎት ይበቃል ወይ የሚል ነው፤ ያልተነበበ መሆኑ ለእነሱ ክብር አይጨምርለትም። በነገራችን ላይ የኮሚክስ ሰዎችም ቢሆኑ በሚዛናቸው ሙሉ በሙሉ አያምኑም። በ1977 ኮሎራዶ ውስጥ ከአንድ ሰው ቤት የወጣው ዝነኛ ክምችት በእርሳስ የተጫሩ ምልክቶች አሉት፤ ምልክቶቹ ከየት እንደመጣ ስለሚመሰክሩለት ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል።

ሚዛኑ ዛሬ የሚያደርሰው ጥፋት በገበያው ላይ ይታያል። ሥዕል ያለበት ቅጠል ተገንጥሎ ለብቻው ይሸጣል፣ ሥዕል በሌለው አሮጌ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል ይሣላል፣ የደብሩን ስም የያዘው ጽሑፍ ሌብነቱን ስለሚያጋልጥ ይፋቃል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወጣው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ያ የአሜሪካ ድርጅት መጽሔት ማሸግ በጀመረበት ዓመት ነው። አዋጁ ኬላ ላይ ሊያስቆም ይችላል፤ በአንድ ጓዳ ውስጥ የተፋቀ መስመር ግን አይመልስም። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ያነሣው ሥራና ጌታቸው ኃይሌ ከሌሎች ምሁራን ጋር ያዘጋጇቸው ካታሎጎች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ይጎላል፤ ኅዳጉንም መዝግበዋልና በኋላ የተፋቀው ሊታወቅ ይችላል። መጽሐፍ ላይ ስለሚጨመር ጽሑፍ አንድ የመጨረሻ ምሳሌ ላንሣ። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት እንዲመልሱላቸው ወደ ለንደን ሲጽፉ ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ነበረው፤ አንዱን መለሰ። ከመመለሱ በፊት ግን በባለአደራዎቹ ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱን ከነቀኑ መጽሐፉ ላይ አሰፈረ። በኮሚክስ ሕግ ይህ ነጥብ የሚያስቀንስ ጭረት ነው።