ከየኔታ አለንጋ በስተጀርባ

ስለ ቄስ ትምህርት ቤት ጨዋታ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን የየኔታ አለንጋ ነው። እኛም ፊደል የቆጠርነው እዚያው ስለሆነ አለንጋውን አንክድም። ነገር ግን ስለ አለንጋው ስናወራ የረሳነው ነገር አለ፤ የየኔታን ጆሮ።

እስቲ ሥርዓቱን እናስታውስ። ልጁ መጀመሪያ «ሀ ሁ»ን በስንደዶ እያመለከተ ይቆጥራል። ትንሽ ከቆየ በኋላ ግን ዜማው በቃሉ ይገባና ዓይኑን ጨፍኖም ይወርደዋል። ይህ ማንበብ አይደለም፤ የጥንት መምህራንም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ለዚህም ነው «አቡጊዳ» የሚከተለው። አ ብሎ በግዕዝ ይጀምርና ቡ በካዕብ፣ ጊ በሣልስ፣ ዳ በራብዕ እያለ ይሄዳል። የለመዱት የ«ሀ ሁ» ተራ እዚህ አያድንም። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል፤ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቆጠሩ፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ። መጨረሻው ዳዊት ነው።

ዋናው ቁም ነገር ታዲያ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው መሰማቱ ነው። የኔታ ለሁሉም ባይደርሱ ከፍ ያለው ልጅ ታናሹን ያስቀጽላል። ያላወቀ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ ያወቀም ጓደኞቹን አይጠብቅም።

ነቀፋ የለበትም አንልም። ልጁ ትርጉሙን በማያውቀው በግዕዝ ያነባል፤ ጽሕፈት ብዙም አይማርም፤ ሴቶች ልጆችም እዚያ የሚገኙት ጥቂት ነበሩ።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ከግብጽ የመጡ መምህራንም አስተማሩበት። ዘመናዊው ትምህርት እያደር ተስፋፋ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ያሳተሙት የፊደል ገበታም ፊደልን ከደብር ቅጥር አውጥቶ በየቤቱ አስገባው። ትምህርት ለብዙኃኑ መዳረሱ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ክፍሉ ሲሞላ ዜማው ቀረና ጆሮው ጠፋ። መምህሩ ይላል፤ ስልሳው ልጅ በአንድ ድምፅ ይቀበላል። በዚያ ጩኸት መሀል ያላወቀው ልጅ አፉን እያንቀሳቀሰ ይደበቃል፤ ማን ያገኘዋል?

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል፤ ከሌሎቹ ጋርም አብረው ጮኸዋል።

ጥፋቱን በመምህራን ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ በአንድ መስማት ለማንም አይቻልም። የኔታም ቢሆኑ ብቻቸውን አልቻሉትም፤ ታላላቆቹን ልጆች ረዳት ያደረጉት ለዚህ ነው። አለንጋው እንኳን ቀረ እንላለን። መስማቱ ግን መቅረት አልነበረበትም።